ኹቤዛ፦ በከበባው ዘመን የኢየሩሳሌም ጎመን



የክረምቱ ዝናብ ከጣለ በኋላ በምትኖሩበት ሰፈር፣ በግቢውና በባዶው መሬት ላይ፣ ቅጠሉ ክብ፣ አበባው ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ የሆነ ተክል ሳታዩ አልቀራችሁም። እዚህ አገር ኹቤዛ ይባላል። በአገራችን ልት የምንለው ተክል ዘመድ ነው። ስሙ የመጣው ኹብዝ ከሚለው የዓረብኛ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ዳቦ ማለት ነው፤ ፍሬውም ትንሽ ድፎ ዳቦ ይመስላል። ዛሬ ብዙ ሰው ረግጦት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ግን የኢየሩሳሌም ቤተሰቦች ከረሃብ ጋር የታገሉበት ምግብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት አገሪቱ ለሁለት እንድትከፈል ከወሰነ በኋላ ጦርነት ተነሣ። በኢየሩሳሌም 100,000 ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር። ምግባቸው በካሚዮን ተጭኖ ከቴል አቪቭ በኩል ይመጣ ነበር። መንገዱ የሚያልፈው ባብ ኤል ዋድ፣ በዕብራይስጥ ሻዓር ሀጋይ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው። የዓረብ ተዋጊዎች ከተራራው ላይ ሆነው መኪናዎቹን ይመቱ ስለነበር በ1948 ጸደይ መንገዱ ተዘጋ። የተመቱት መኪናዎች ቅሪት ዛሬም በዚያ መንገድ ዳር ይታያል።

ከተማዋ በተከበበች ጊዜ የምግቡን ጉዳይ የመራው ዶቭ ዮሴፍ የተባለ ከካናዳ የመጣ ዖሌ ነበር። ዳቦ በራሽን ሆነ። ውሃም በልክ እየተሰፈረ ለየቤቱ ይታደል ጀመር። ነጭ ጋዝ በመጥፋቱ ሴቶች እንጨት ለቅመው ደጅ ላይ ያበስሉ ነበር።

ያን ጊዜ እናቶችና ልጆች ቅርጫት ይዘው ኹቤዛ ለቀማ ወጡ። ዓረቦች ገበሬዎችና ከምሥራቅ አገሮች የመጡ አይሁድ ይህን ቅጠል በሽንኩርትና በወይራ ዘይት እየሠሩ ከድሮ ጀምሮ ይበሉት ነበር። ከአውሮፓ ከመጡት መካከል ግን ለብዙዎቹ አረም ብቻ ነበር። ስለዚህ የሚያውቀው ላላወቀው አሳየ፤ በራዲዮም አሠራሩ ይነገር ነበር። ቅጠሉን ቀቅለው፣ ውሃውን ጨምቀው፣ በደቃቁ ከትፈው፣ ከዳቦ ፍርፋሪና ከተገኘም ከእንቁላል ጋር ለውሰው፣ በእጅ ጠፍጠፍ አድርገው ይጠብሱት ነበር። በሰኔ 1948 በርማ የተባለው አዲስ መንገድ በተራራው መካከል ተከፍቶ ምግብ እስኪገባ ድረስ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ተደገፈ። ለመታሰቢያ እንዲሆን በነጻነት በዓል ቀን ኹቤዛ የሚሠሩ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ ታሪክ ለእናንተ የሚናገረው አለ። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ቶሎ ስለሚለምዱ በየቢሮው አስተርጓሚ ይሆኑላችኋል፤ እናንተም «ምንም አናውቅም» ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ነገር ግን ሳማን ሳይለበለብ ለቅሞ ወጥ የሚሠራ ሰው፣ የትኛው ቅጠል እንደሚበላ የትኛው እንደሚጎዳ የሚለይ ሰው፣ ትልቅ ዕውቀት ይዞ መጥቷል። በ1948 ኢየሩሳሌም የተከበረው እንዲህ ያለው ዕውቀት ነው። እናንተም ለልጆቻችሁ አስተምሩ እንጂ አትፈሩበት።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ውጡ። ለጋ ለጋውን ቅጠል ልቀሙ። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳር፣ ውሻ ከሚመላለስበትና መድኃኒት ከተረጨበት ቦታ አትልቀሙ። የዚህ አገር ዕፀዋት ከእኛ አገር ስለሚለዩ፣ የማታውቁትን ቅጠል የሚያውቅ ጎረቤት ሳያይላችሁ አትቅመሱ። ዛዕተርን የመሳሰሉ አንዳንድ የዱር ተክሎች ደግሞ በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኹቤዛውን በደንብ አጥባችሁ ሽንኩርት በዘይት አቁሉና ቅጠሉን ጨምሩበት፤ ሲበስል ሎሚ ጭመቁበት። በእንጀራም በዳቦም ይበላል።

ማዕድ ላይ ስትቀርቡም የከበባውን ታሪክ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ቀጥሎም የሳማውን ወጥ ታሪክ ጨምሩላቸው።

መልካም ምግብ!