«ኳሱን እኮ ነው የነካው!»

ጨዋታ በታየ ቁጥር ይቺ ክርክር አትቀርም። ተከላካዩ ተንሸራቶ ይገባል፣ አጥቂው ይወድቃል፣ ዳኛው ካርድ ያወጣል። ግማሹ ሰው «ኧረ ኳሱን እኮ ነው የነካው!» ብሎ ይነሳል። ተማሪዎቼም እረፍት ሰዓት ላይ በዚሁ ነው የሚጨቃጨቁት። መልሱን ታሪክ ውስጥ እንፈልገው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1982፣ ስፔን፣ ሴቪያ። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ምዕራብ ጀርመን ከፈረንሳይ፣ 1ለ1። ተቀይሮ የገባው ፈረንሳዊው ባቲስቶን ከፕላቲኒ በተላከለት ኳስ ብቻውን ወደ ግብ ገሰገሰ። የጀርመኑ በረኛ ሹማኸር ከፊት ለፊት እየሮጠ መጣበት። ባቲስቶን ኳሱን መታው፣ ወደ ውጭ ወጣ። ሹማኸር ግን አየር ላይ እንዳለ በዳሌው ፊቱን ገጨው። ባቲስቶን ራሱን ሳተ፣ ጥርሶቹ ወለቁ፣ አከርካሪው ተጎዳ፣ በቃሬዛ ወጣ።

ሆላንዳዊው ዳኛ ኮርቨር ምን ወሰነ? ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ፣ ፋውል እንኳን የለም! ጨዋታው በመልስ ምት ቀጠለ። 3ለ3 አልቆ ጀርመን በመለያ ምት 5ለ4 አሸነፈች። ሁለት ምት ያዳነው ማን መሰላችሁ? ራሱ ሹማኸር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ሕጉ ጥፋትን የሚለካው «ሆን ብሎ» በሚል ቃል ነበር። ዳኛው የተጫዋቹን ልብ ማንበብ ይጠበቅበት ነበር ማለት ነው። ሹማኸርም የሄድኩት ለኳሱ ነው ባይ ነው። የሰው ልብ ደግሞ ማን ያያል?

በ1995 ይህ መስፈርት ለአብዛኞቹ ጥፋቶች ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚታየው ድርጊቱ ነው። ሳይጠነቀቅ ከገባ ፋውል ብቻ። በሌላው ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ከምንም ሳይቆጥር ከገባ ቢጫ። ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅሞ የሰው አካል አደጋ ላይ ከጣለ ቀይ። በ1998 ደግሞ ከኋላ የሚደረግ አደገኛ ታክል በቀይ እንዲቀጣ ተወሰነ። ስለዚህ ኳሱን መንካት ከቅጣት አያድንም። ኳሱን ነክቶ እግር የሚሰብርም አለ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን ሕግን የሚያስፈጽመው ዓይን ነው። በ2010 ፍጻሜ ደ ዮንግ የዣቢ አሎንሶን ደረት በጫማው ሲረግጠው ዳኛው ሃዋርድ ዌብ የሰጠው ቢጫ ነበር። በደንብ እንዳላየው፣ ቀይ ይገባው እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ዛሬ ቪኤአር መኖሩ ለዚህ ነው፤ ያም ሆኖ ስክሪኑን አይቶ የሚፈርደው ሰው ነው።

ለእኔ የሕጉ ለውጥ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ «አስቤ አይደለም» የሚል ልጅ አይጠፋም። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የተመታው እግር ግን ታስቦም ሳይታሰብም ያው ይሰበራል። መጀመሪያ መጠበቅ ያለበት እግሩ ነው፣ ክርክሩ ይደርሳል።

እናንተስ? ዛሬም ድረስ የምትከራከሩበት ታክል የትኛው ነው? ኮሜንት ላይ እንገናኝ።