ብርሃንና ኅብረ ቀለም፦ ከአሊዩ አምባ ገበያ እስከ ዓሣ ገንዳ

ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ቆላ በሚያሽቆለቁልበት አፋፍ ላይ የምትገኘው አሊዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) የሸዋ የንግድ በር ነበረች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሓ የሚያቋርጠው የግመል ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፈው በዚያ ሲሆን፣ በ1842 የተቀመጠባት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለ ኑሮዋና ስለ ገበያዋ በሰፊው ጽፏል። ከደጋው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ እንዲሁም በባርነት የተያዙ ሰዎች ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር፤ ከባሕሩ ወገን ደግሞ ጨርቅና የብርጭቆ ዶቃ ይመጣ ነበር። ገበያው ዓርብ ዓርብ በሜዳ ላይ ይቆም ስለ ነበር፣ ሸማች የጨርቁንና የዶቃውን ቀለም የሚመረምርበት ብርሃን አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የፀሐይ ብርሃን ነው።

ይሁን እንጂ ቀለም በዕቃው ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም። አይዛክ ኒውተን በ1672 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ነጭ መስሎ የሚታየው የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑን አስረድቷል። ቀይ ጨርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ከሚያርፍበት ብርሃን ቀዩን ክፍል መርጦ ወደ ዐይን ስለሚመልስ ነው፤ ብርሃኑ ቀይ ከጎደለው ጨርቁ የሚመልሰው አጥቶ ይጠቁራል። ፀሐይ ቀለማትን ሁሉ ስለምትሰጥ ይህ ጉድለት ለአሊዩ አምባ ገበያተኛ አልታየውም። ችግሩ የተገለጠው የሰው ልጅ ብርሃንን በገዛ እጁ መሥራት ሲጀምር ነው፤ ጎልቶ ከታየባቸውም ስፍራዎች አንዱ ዓሣ የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ፣ አኳሪየም ነው።

በ1850 እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ገንዳ አስማምቶ ማኖር እንደሚቻል አሳየ፤ በ1853ም የለንደን የእንስሳት መጠበቂያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ። የቀድሞዎቹ ገንዳዎች በየጎናቸው ፀሐይ ስለሚገባባቸው ውሃው ይሞቅና በአልጌ ይሸፈን ነበር። ስለሆነም በኋላ የተሠሩት ታላላቅ አኳሪየሞች ተመልካቹን በጨለማ መተላለፊያ አቁመው፣ ብርሃኑ በወንዝና በሐይቅ እንደሚሆነው ከላይ ብቻ እንዲወርድ አደረጉ። ከዚህ በኋላ የዓሣው ቀለም ደምቆ ታየ።

ኤዲሰን በ1879 ያቀረበው የክር አምፖልና ተከታዮቹ ቀይና ቢጫ የበዛበት፣ ሰማያዊ ያነሰበት ብርሃን ሰጡ። በ1938 ለገበያ የቀረበው ፍሎረሰንት፣ በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ በሚቀባው ዱቄት ዓይነት ቀለሙ ስለሚለዋወጥ፣ ብርሃንን እንደ ልብ የመቀመም በር ከፈተ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለተክል ማብቀያ የተሠራው ግሮ-ሉክስ የተባለው ቱቦ ቀይና ሰማያዊው ስለሚያይል፣ የዓሣ አርቢዎች ወዲያው ወደዱት፤ ቀዩና ሰማያዊው ዓሣ ከሥሩ እንደ እሳት ይነድ ነበርና። በ1993 ደማቁ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ሲገኝ ደግሞ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ መጨመርና መቀነስ ተቻለ።

እንግዲህ መብራት ለዓሣው ቀለም ይሰጠዋልን? በመሠረቱ አይሰጠውም። ቀይና ቢጫው በአብዛኛው ከምግቡ ይገኛል፤ ሰማያዊውና ብርማው ደግሞ በቆዳው ሕዋሳት ውስጥ ከሚገኙ ስስ ክሪስታሎች ነጸብራቅ ይመጣል። ነገር ግን ዓሣው ለብርሃን ግዑዝ አይደለም፤ በ1936 ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው የአማዞኑ ኒዮን ቴትራ ሌሊት መስመሩ ይደበዝዛል፣ ጧት ብርሃን ሲያገኝ ይመለሳል።

ለዓሣው ቀለም ጌጥ ብቻም አይደለም። ከአሊዩ አምባ በታች ባለው በአዋሽ ወንዝ የሚኖረው ወንድ ቆሮሶ በመራቢያው ወቅት ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም ይለብሳል። የዚሁ ዘመድ የሆኑትን የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሦች ያጠኑ ተመራማሪዎች በ1997 እንዳስታወቁት፣ ውሃው ደፍርሶ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የብርሃን ኅብር ሲጠብብ ሴቶቹ የየወገናቸውን ወንድ በቀለም መለየት ይሳናቸዋል፤ በደፈረሰውም ውሃ ቀለማቱም የዓሣው ዓይነትም ያንሳሉ። የብርሃን መጉደል የዘር መጥፋት እስከመሆን ይደርሳል ማለት ነው።

ዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን በ1965 መብራት ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካበትን፣ ከፍተኛው 100 የሆነ መመዘኛ አወጣ። ይሁንና መመዘኛው ታማኝነትን እንጂ ድምቀትን አይለካም፤ ዓሣን የሚያስውበው ሐምራዊ ቱቦ በዚህ ሚዛን ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሱቅ መብራት ሥር የተንቦገቦገውን ዓሣ የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ ገርጥቶ ቢያገኘው፣ የተለወጠው ዓሣው ሳይሆን መብራቱ ሊሆን ይችላል። ማድመቅ ነውር የለበትም፤ ነውሩ የደመቀውን እውነተኛው ይኸው ነው ብሎ ማቅረብ ነው። በአሊዩ አምባ ሜዳ ሻጭም ገዢም በአንዲት ፀሐይ ሥር ይገበያዩ ነበር፤ መብራት የሚመርጥ መሐንዲስ ግን የፀሐይን ሥራ በእጁ ስለወሰደ፣ ለሚያየው ሰውም በብርሃኑ ለሚኖረው ፍጡርም ተጠያቂ ነው።