ጊዜያዊ ጥበብ፣ የጨረቃ ቤት

እ.ኤ.አ. በ2002 መስከረም አሰገድ አዲስ አበባ ላይ አንድ የሥነ ጥበብ ዝግጅት አሰናዳች። ስሙ «ጊዜያዊ ቁጥር 1» ነበር። ስሙን ልብ በሉልኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ገዢ የሚጠብቅ ሥዕል ሳይሆን ተሠርቶ፣ ታይቶ የሚያልፍ ነገር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዞማ የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተመሠረተ፤ ከመስከረም ጎን ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነበረበት። ከምናለሽ ተራ ቁልፍና የተጣለ ሽቦ እየለቀመ የሚሠራው ኤልያስ ማለቴ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ጊዜያዊ ሥራ ደግሞ ነበር፤ እሱን ማንም ካታሎግ ውስጥ አላስገባውም። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዳር ዳር ማታ ማታ ይሠራ የነበረው ነው። ከሰዓት በኋላ እንጨት ይራገፋል። ጨረቃ ስትወጣ ቋሚ ይተከላል፣ ይማገራል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ሲነጋ ቤት ቆሟል፣ ውስጡም ሕፃን ተኝቷል። «የጨረቃ ቤት» የተባለው ለዚህ ነው። ተሠርቶ፣ ታይቶ የሚያልፍ መሆኑ ከመጀመሪያው ጋር ያመሳስለዋል። ልዩነቱ አላፊውን የሚወስነው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ርቀት ነው። በታክሲ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። እኔ የማውቀው በአሸዋ ሜዳ በኩል ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁም ዘመናዊ ሥዕል ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የራሱ ቤት አገኘ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አፍሪካ አዳራሽ ላይ ተገጠመ። ያለፈችውን፣ ያለችውንና የምትመጣውን አፍሪካ የሚያሳይ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ከሰበታ ማገዶ ተሸክማ የምትመጣ ሴት በአጥሩ በኩል ብታልፍ፣ የምታየው ከውጭ የጠቆረ መስታወት ነው። ባለቀለም መስታወት የሚያበራው ከውስጥ ሆኖ ለሚያየው ነው።

ደርግ ይህን ገለበጠው። ሁሉንም ነገር ደጅ አወጣ። ሌኒን በ1976 ዓ.ም. ቆመ፣ የትግላችን ሐውልት በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመስከረም 1977፣ ካርል ማርክስም ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ መጥቶ ስድስት ኪሎ ተተከለ። ሕዝቡ አስተያየት እንዲሰጥ አልተጠየቀም፤ ግን ሰጠ። ሌኒን አንድ እግሩን አስቀድሞ ቆሞ ስለነበር «እሱም ወደ ቦሌ ሊሄድ ነው» ተባለ። እኔ በበኩሌ በዚያ ዘመን ከተሠራው ሐተታ ሁሉ የተሻለው የሥነ ጥበብ ሂስ ይሄ ቀልድ ይመስለኛል። ሌኒን በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ። ማርክስ እንዳለ አለ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የደርግ ጥበብ ዳር ከተሞችን ያውቃቸው ነበር። በየቀበሌው፣ በየከፍተኛው የኪነት ቡድን ነበረ። አዳራሽ ተሠርቶ፣ ከበሮና ክራር ተገዝቶ፣ የሠፈር ልጅ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። የሚዘፈነው ፕሮፓጋንዳ እንደነበር አያጠራጥርም፤ መቅረትም ያስጠይቅ ነበር። ቢሆንም አዳራሹ ነበረ። ከ1983 በኋላ ፕሮፓጋንዳው ተለወጠ፣ አዳራሹ ደግሞ የስብሰባ ቦታ፣ መጋዘን ወይም የኪራይ ሱቅ ሆነ። ነፃው ጥበብ ሲመጣ እኛ ጋ የሚያርፍበት ጣሪያ አልጠበቀውም።

ነፃው ጥበብ መሀል ከተማ ላይ አረፈ። ቆንጂት ሥዩም እ.ኤ.አ. በ1996 አስኒ ጋለሪን ከፈተች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለው ፓርክ ውስጥ ነፃ የሥነ ጥበብ መንደር ተቋቋመ። ወጣት ሠዓሊዎች ናቸው ያቋቋሙት፤ ከመካከላቸው ገጣሚዋና ሠዓሊዋ ምሕረት ከበደ አለችበት። አጥር ባለው ጋለሪ ሳይሆን ሰው ሽርሽር በሚወጣበት ሣር ላይ መሥራት፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ እንዲያይ ማድረግ ነበር ሐሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጦቢያ ግጥም በጃዝ በራስ ሆቴል በየወሩ መካሄድ ጀመረ። ጋዜጣ የማይደፍረውን እዚያ ገጣሚው በቅኔ ሲናገረው አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ይናጋ ነበር። ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የአይዳ ሙሉነህ አዲስ ፎቶ ፌስት ተጀምሯል። አስቡት፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ይሄ ሁሉ።

እና ምን ይሥሉ ነበር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመጣው። የሚሥሉት መፍረስን ነበር። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ የፈረሱ መንደሮችንና የሚወጡ ሕንፃዎችን አነሳ፤ ሌላው ተከታታይ ሥራው ደግሞ በሚነሱ መቃብሮች ላይ ያሉ፣ ዝናብና ፀሐይ የበላቸው የሟቾች ፎቶግራፎች ናቸው። ሔለን ዘሩ የእናቷን አጽም ከመቃብሩ አውጥቶ የማዛወርን ነገር የሥራዋ ጉዳይ አደረገችው። ልማት ሟችን እንኳን ሲያስነሳ ቋሚው ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ያለው ሥራ ነው። እነዚህን ሥራዎች ሳይ አሁንም ዝም እላለሁ።

ግን የተነሳው ሰው የት ሄደ? ከፊሉ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ከፊሉ፣ በተለይ የቤት ቁጥር ያልነበረው ተከራይ፣ ወደ እኛ መጣ። ቡራዩ፣ አለም ገና፣ ሱሉልታ። ሲመጣ ደግሞ ባዶ መሬት አልነበረም የጠበቀው። ገበሬ ነበረበት። ያ ገበሬ ትንሽ ካሣ ተቀብሎ ተነሳ፤ ልጁም በአባቱ እርሻ ላይ በቆመው ፋብሪካ በር ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። በፎቶግራፉ ላይ ያለው የፈረሰ ግድግዳና የእኛ ሠፈር የተገፋ ገበሬ የአንድ ታሪክ ሁለት ጫፍ ናቸው። ኤግዚቢሽኑ ላይ የታየው አንዱ ጫፍ ነው።

በ2000 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች በኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ተጠቃለሉ። ከዚያ የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን መጣ። ተቃውሞው በሚያዝያ 2006 ተነሳ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ እንደገና ተቀሰቀሰ። እንግዲህ በዚያው ታኅሣሥ፣ እ.ኤ.አ. 2015 ሊያልቅ ሲል፣ ዕዝራ ውቤ የጀመረው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ቪዲዮ ጥበብን ከጋለሪ አውጥቶ ሰው በሚገኝበት ማሳየት፣ እንዴት ያለ ጥሩ ሐሳብ ነው! በዚያ ሰሞን ግን ከከተማዋ በር ውጭ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ሌላ ነበር። በእጅ ስልክ የተነሳ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚሮጡ ተማሪዎችና የጥይት ድምፅ ያለበት። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ፌስቲቫሉን ለመውቀስ አይደለም፤ ከየአገሩ ሥራ ሰብስቦ ማዘጋጀት ወራት ይፈጃል፣ ማንም ኅዳርን አስቀድሞ አያውቅም። ሁለቱ ስክሪኖች አለመገናኘታቸውን ለመመዝገብ ያህል ነው።

አለመገናኘቱ ምክንያት አለው፤ አንዳንዱም በጣም ተራ ነው። ዝግጅት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ውይይቱ ሁለት ተኩል ላይ ሲሞቅ የእኛ ሠፈር ሰው ሰዓቱን እያየ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ የለም፣ ካለም በእጥፍ ነው። ስንት ውይይት መጨረሻውን ሳልሰማ ወጣሁ መሰላችሁ! ሌላው ቋንቋ ነው። ፖስተሩ በእንግሊዝኛ፣ ንግግሩ በአማርኛ፤ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ መግለጫ ግን እኔ በሄድኩባቸው አላጋጠመኝም። ስለ መሬት የሚናገር ጥበብ መሬቱ በሚጠራበት ቋንቋ ካልተናገረ ባለቤቱ እንዴት ይስማ? ሰበታን ደግሞ አስቧት። አገር የሚያውቀው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ለሕዝብ የሚቀርብ ጥበብ እዚያ ሊሄድ ቢነሳ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እናሳይ ሳይሆን ምን እናስዳስስ፣ ምን እናሰማ ይሆን ነበር።

በሌላው ዓለም ጆሴፍ ቦይስ የተባለ ጀርመናዊ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ካሰል ከተማ ሙዚየም ፊት ለፊት 7,000 ድንጋይ ከመረ። አንድ ዛፍ ሲተከል አንድ ድንጋይ ከክምሩ ተነስቶ ከዛፉ ሥር ይቆማል። ክምሩ ያለቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። የከተማው ሰው መጀመሪያ ድንጋዩን ጠላው። ደስ የሚለኝ ሥራው ከመሀል ወደ ሠፈር እየተበተነ መሄዱ ነው። እኛ ጋ የሚበተነው ሰው ነው።

በመስከረም 2011 ቡራዩ ላይ ሰው በማንነቱ ተገደለ፤ ሺዎች ተፈናቅለው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። ስለዚያ ሰሞን ሠፈራችን ውስጥ ዛሬም የሚወራው በሹክሹክታ ነው። በ2015 ከተሞቹ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት ብዙ ቤት ፈረሰ፣ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ይህንኑ አስመልክቶ መግለጫ አወጣ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ፤ የመላኩ በላይ ፈንድቃም አልቀረለትም። በሩን ቀይ ቀለም የሚቀባው ሰውዬ በመጨረሻ ከጥበብ ቤትም ደረሰ። ያ ሰውዬ እኮ እዚህ ዙሪያ ላይ ሁሉንም ቤት ያዳረሰ ብቸኛው ቀለም ቀቢ ነው።

ዞማ ሙዚየም በ2011 መካኒሳ ላይ ተከፈተ። ወደ ሰበታ የሚወስደው አቅጣጫ ላይ ስለሆነ ከሁሉም ለእኛ ይቀርባል። ቤቶቹ የጭቃ ናቸው። የአገሩን አሠራር ይዘው፣ ጭቃና ጭድ አቡክተው፣ ግድግዳውን በእጅ ጠርበው ያበጁት ነው፤ በእውነት ያምራል። ከዚያ ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። እሷ በዕድሜዋ ሁለት ቤት በእጇ መርጋለች፣ አንዱ ፈርሶባታል።

«ጭቃ ቤት ለማየት ከፍለህ ገባህ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ትንሽ ሳቀችና ዝም አለች።

ቆይታ «ጭዱ የጤፍ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳልጠይቅ መምጣቴ ቆጨኝ።