የእሸት ሰሞን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ጨዋታ ድግስ ስለሌለው ቀን ነው። እንቁጣጣሽ በአደይ አበባና በልጃገረዶች ዘፈን ይመጣል። መስቀልም ደመራው እየተንቦገቦገ ይገባል። መስከረም 26 ግን ዝም ብሎ ይነጋል። በአገራችን አቆጣጠር ሰኔ 26 የገባው ክረምት መስከረም 25 ወጥቶ፣ በማግስቱ መጸው የሚገባበት ቀን ነው። ካህናቱ ያውቁታል፤ ዘመነ ጽጌ የሚጀምረው በዚሁ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዘመኑ ሁሉ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ገብተው እሑድ እስኪነጋ በማኅሌት ያድራሉ። ገበሬውም ያውቀዋል።

በሉ ወደ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ልውሰዳችሁ፤ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ወዳለው፣ የገብስና የባቄላ አገር ወደሆነው ደጋ። ክረምቱን ሙሉ ደፍርሶ ሲያጓራ የከረመው ወንዝ ጠርቷል፤ ጠጠሩ ይታያል። ጋቢውና ብርድ ልብሱ ወጥቶ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሴቶቹ ኩበት መጠፍጠፍ ጀምረዋል፤ ፀሐይዋ ታደርቅላቸዋለቻ! ማታው ግን ሌላ ነው። ደመናው ስለተገፈፈ ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት መያዝ ያቅታታል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሚያድነው ምድጃ ዳር መኮልኮል ብቻ ነው።

እሱስ ይሁን፤ እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ እሸት ነው።

እሸት ምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ነሐሴን ማሰብ ያስፈልጋል። ነሐሴ በገበሬ ቤት ከባድ ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል ለዘርም ለቀለብም ወጥቶ፣ ጎተራው ሥሩ ይታያል። እናት እፍኙን እየቆጠረች ታበስላለች፤ እርሷ ራሷ በልታ እንደሆነ የሚጠይቃት የለም። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲቃረብ ግን ማሳው ላይ ያለው ገብስ ወተት የቋጠረ ፍሬው ጠንከር ይላል። አጨዳው ገና ነው። ቢሆንም ዛላው ከነአገዳው ተቆርጦ፣ በእሳት ተለብልቦ፣ በመዳፍ ታሽቶ፣ ገለባው እፍ ተብሎ ይበላል። ትኩስ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል፤ ደግሞም ይጣፍጣል። የልጆቹ ከንፈርና ጉንጭ ጥላሸት በጥላሸት ይሆናል፤ በዚያ ሰሞን ግን ፊትህን ታጠብ ብሎ የሚቆጣ የለም።

ታዲያላችሁ፣ በማሳው ዳር መንገደኛ ያልፋል።

«እንደምን ዋላችሁ አባባ? አዝመራውን ይባርክላችሁ!»

«አሜን! ምነው ልጄ፣ እሸት ሳትቀምስ ታልፋለህ እንዴ?»

እንቢ አይባልም። መንገደኛው ቁጭ ብሎ ከልጆቹ ጋር ያሻል፤ ጠግቦ፣ መርቆ ይሄዳል። እስኪጠግብ ቢበላ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በከረጢት ይዞ መሄድ ነው። ኦሪት ዘዳግምም እንዲሁ ይላል፤ በባልንጀራህ እርሻ ውስጥ እሸቱን በእጅህ ቅጠፍ፣ ማጭድ ግን አታግባ። ከወር በፊት እፍኝ ስትቆጥር የነበረች ቤት፣ ገና አንድ ነዶ ሳታጭድ፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው ታበላለች። ከመጸው ሁሉ እኔ የምወደው ይህንን ነው። ስንት የዓለም ደስታ ተወርቶልን ይሆን፤ ይህንን የሚያህል ግን አልሰማሁም።

በጣርማ በር በኩል ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ከወረድን ደግሞ አገሩ ማሽላ ነው። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ድካሙን የሚያስረሳቸው ጥንቅሽ ነው፤ ልጣጩን በጥርስ ገፈው፣ መጠው መጠው ምጣጩን ይተፉታል።

አዲስ አበባም ብትሆኑ እሸት አይቀርባችሁም። መንገድ ዳር የባቄላ እሸት ከነአገዳው በእስር በእስር ተደርድሯል። አንዷ ገዝታ ታክሲ ውስጥ ትገባለች፤ እስሩን ጭኗ ላይ አድርጋ መፈልፈል ትጀምራለች። ብቻዋን ግን አትበላም።

«እንኩ እትዬ፣ ቅመሱ» ትላለች አጠገቧ ላሉት ትልቅ ሴት።

«ተባረኪ ልጄ! ይኸው ለዓመቱ አደረሰን» ይሉና ግማሹን ከኋላ ለተቀመጠው ተማሪ ያቀብላሉ። ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳትም ብሩን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን ይዘረጋል።