ሜኑ ባር፦ ኖች ባላቸው ላፕቶፖች ላይ የምልክቶቹ መጨናነቅና አያያዙ

ሜኑ ባር በማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይኛ ኅዳግ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀጭን ረድፍ ሲሆን፣ በግራው ወገን ተጠቃሚው በዚያ ሰዓት የሚሠራበትን ፕሮግራም የትእዛዝ ዝርዝሮች፣ በቀኙ ወገን ደግሞ ሰዓትን፣ ባትሪን፣ ዋይፋይን፣ የጽሕፈት ቋንቋንና ከበስተጀርባ የሚሠሩ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን የሚያመለክቱ ጥቃቅን ምልክቶችን (አይኮኖችን) ይይዛል። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኖች የተባለውን ጥቁር የካሜራ ማደሪያ በማክቡክ ላፕቶፖች ስክሪን አናት ላይ ካስገባ ወዲህ፣ በረድፉ መካከል ምንም የማይታይበት ክፍተት ስለ ተፈጠረ፣ የቀኙ ወገን ምልክቶች ሲበዙ ከፊሎቹ ያለ አንዳች ማስታወቂያ ከዓይን የመሰወራቸው ነገር ጎልቶ ታወቀ።

ጥንተ ነገሩ

የትእዛዙን ዝርዝር በየመስኮቱ ከመበተን ይልቅ በስክሪኑ ራስ ላይ በአንድ ቋሚ ስፍራ የማጽናት ሥርዓት አፕል እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ባቀረበው ሊዛ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ታየ፤ በማግሥቱም ዓመት በጃንዋሪ 24 ቀን የወጣው ማኪንቶሽ ይህንኑ ወርሶ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ለዚህ አቀማመጥ ዋና ማስረጃ ሆኖ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስታወቀው ሕግ ሲሆን፣ ይኸውም አንድን ነገር ጠቁሞ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በነገሩ ርቀትና ስፋት ይወሰናል የሚል ነው፤ የማውሱ ጠቋሚ ደግሞ የስክሪኑን ጠርዝ አልፎ መሄድ ስለማይችል፣ በጠርዙ ላይ ያለው ነገር ወሰን የሌለው ቁመት እንደ ተሰጠው ያህል ተቈጥሮ፣ እጅ ብዙ ሳይጠነቀቅ ፈጥኖ ይደርስበታል።

በመጀመሪያው ማኪንቶሽ ላይ የረድፉ ቀኝ ወገን ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሲስተም 7 የተባለው የማኪንቶሽ ዋና ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የእርዳታንና የፕሮግራም መለዋወጫን ዝርዝር በዚያ አኖረ፤ ቀድሞ በአንድ ፕሮግራም ሠሪ ተዘጋጅቶ በነጻ ይታደል የነበረው ሰዓትም በ1994 በሲስተም 7.5 ውስጥ የሥርዓቱ አካል ሆነ። ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.1 በ2001 የድምፅንና የባትሪን ምልክቶች በዚሁ ወገን ከሰበሰበ በኋላ፣ ስፍራው ለሌሎችም ፕሮግራም ሠሪዎች ክፍት ስለ ነበረ፣ የክላውድ ማከማቻው፣ ቪፒኤኑ፣ የመልእክት መለዋወጫው፣ የይለፍ ቃል መዝገቡ፣ የመጠባበቂያ ቅጂ አድራጊው ሁሉ አንድ አንድ ምልክት ይዞ ገባ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የገቡት ተጠቃሚው ጠርቷቸው ሳይሆን ፕሮግራሙ በተጫነ ጊዜ በራሳቸው ሥልጣን ነው።

የኖቹ መምጣት

የሕዝብ ዓይን ኖችን የለመደው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አይፎን 10 ላይ ሲሆን፣ ኖቹ ወደ ላፕቶፕ የተሻገረው በኦክቶበር 18 ቀን 2021 ይፋ በሆኑት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ነው። በ2022 ማክቡክ ኤር፣ በ2023 ደግሞ ባለ 15 ኢንቹ ኤር ተከተሉ። በአይፎኑ ኖች ውስጥ ፊትን የሚለይ መሣሪያ ሲኖር፣ በላፕቶፖቹ ውስጥ ግን ይህ መሣሪያ የለም፤ ኖቹ የተደረገው የስክሪኑን ክፈፍ አቅጥኖ ካሜራውን በቦታው ለማቆየት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳተውን ነገር አኀዙ ይገልጠዋል። የባለ 14 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ስክሪን 3024 በ1964 ፒክስል ነው፤ ከላይ 74 ፒክስል ቢነሣለት 3024 በ1890 ይቀራል፤ ይህም በላፕቶፕ ዘንድ የተለመደው የ16 ለ10 ምጣኔ በትክክል ነው። የባለ 16 ኢንቹም 3456 በ2234 ሲሆን፣ ያው 74 ሲቀነስለት በዚያው ምጣኔ ይቆማል። እንግዲህ ኖቹ ከቀድሞው ስክሪን ላይ ስፍራ ቀምቶ የገባ ሳይሆን፣ ስክሪኑ በካሜራው ግራና ቀኝ ወደ ላይ በቅሎ ለሜኑ ባሩ አዲስ ሰቅ ተጨመረለት፤ ነገር ግን የተጨመረው ሰቅ ከመካከሉ የተቈረጠ በመሆኑ፣ በቁመት የተገኘው ትርፍ በወርድ ተከፈለበት።

የመሰወሩ ምክንያት

የግራው ዝርዝር ከአፕሉ ምልክት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይረዝማል፤ የቀኙ ምልክቶች ደግሞ ከሰዓቱ ተነሥተው ወደ ግራ ይበዛሉ፤ ሁለቱም የወሰን ድንጋይ ሳይተከልላቸው ከሁለት አቅጣጫ ወደ መካከል እያረሱ እንደሚመጡ ባለ ርስቶች ናቸው። በሚጋጩበት ጊዜ ሥርዓቱ ለግራው ይፈርዳል፤ እንደ ፎቶና እንደ ሙዚቃ ማቀነባበሪያ ያሉ ዝርዝራቸው ረጅም የሆነ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ፣ ከኖቹ የደረሱት የዝርዝሩ ቃላት ኖቹን ተሻግረው በቀኙ ወገን ይቀጥላሉ፣ ስፍራ ያጡት ምልክቶችም ከግራ ጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ ይሰወራሉ።

ይህ ዳኝነት ከኖቹ በፊትም የነበረ ነው፤ በጠባብ ስክሪን ላይ ረጅም ዝርዝር ምልክቶቹን ይሸፍን ነበር። ኖቹ ያደረገው አልፎ አልፎ ይደርስ የነበረውን ነገር የዘወትር ማድረግ ነው። ጉዳቱም ከመሰወሩ ይልቅ በዝምታ ከመሰወሩ የሚመጣ ነው፦ ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 የማይሠሩትን ምልክቶች ሲሸሽግ ኅቡኣኑ ያሉበትን የሚያመለክት ትንሽ ቀስት ያኖር ነበር፤ ማክ ኦኤስ ግን ሴኮያ እስከ ተባለው በ2024 እስከ ወጣው ዕትሙ ድረስ እንዲህ ያለ ቀስት ስላልነበረው፣ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ ባለቤቱ ቆሟል ብሎ እስከ መጠራጠር ይደርሳል። አማርኛና እንግሊዝኛ እያፈራረቀ የሚጽፍ ሰው የጽሕፈት ቋንቋው ምልክት ቢሰወርበት፣ በየትኛው ፊደል ላይ እንዳለ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ቃል አበላሽቶ ከጻፈ በኋላ ነው።

የማስተካከያ መንገዶች

ቀዳሚው መንገድ መቀነስ ነው። በ2020 ከወጣው ቢግ ሰር ከተባለው የማክ ኦኤስ ዕትም ጀምሮ ኮንትሮል ሴንተር የተባለው አንድ ምልክት ዋይፋይን፣ ብሉቱዝን፣ ድምፅንና የስክሪን ብርሃንን በውስጡ ስለሚይዝ፣ እነዚህ ለየብቻ መቆም አያስፈልጋቸውም፤ የሌሎቹም ፕሮግራሞች ምልክት ብዙውን ጊዜ በየፕሮግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ይጠፋል። በ2025 የወጣው ታሆ ደግሞ የትኛው ፕሮግራም በረድፉ ላይ እንዲታይ የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን ክፍል በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ አኑሯል።

ሁለተኛው መደርደር ነው። ኮማንድ የተባለው ቁልፍ ተይዞ ምልክቱ ቢጎተት ስፍራውን ይለውጣል፤ መሰወሩ ከግራ ስለሚጀምር፣ እጅግ የሚያስፈልገው ወደ ሰዓቱ ቢቀርብ የመጨረሻው ተሰዋሪ ይሆናል። ሦስተኛው ማጥበብ ነው፤ በተርሚናል በኩል በሚሰጥ ትእዛዝ በምልክቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሊያንስ ይችላል፣ ወይም በስክሪን ማስተካከያው ላይ ሰፊ ቦታ የሚሰጠው አማራጭ ቢመረጥ፣ ጽሑፉ ሁሉ አንሶ ረድፉ ብዙ ይይዛል። ኖች የሌለው የውጭ ስክሪን የተገናኘ እንደ ሆነም፣ የተሰወሩት በዚያ ላይ ክሡታን ይሆናሉ።

አራተኛው በረዳት ፕሮግራም መሸሸግ ነው። ሂደን ባር የተባለውና የመሰሉት ሥራቸው ቀላል ነው፦ በረድፉ ላይ አንድ መለያ ምልክት ያቆሙና ወርዱን እጅግ አስረዝመው በግራው ያሉትን ሁሉ ከስክሪኑ ውጭ ይገፏቸዋል፤ ሲፈለግም መለያው ተመልሶ ይጠብባል። ባርቴንደርና አይስ የተባሉት ደግሞ የተሸሸጉትን ከሜኑ ባሩ በታች በሌላ ረድፍ ማሳየት ይችላሉ፤ ስለዚህም ስክሪን የመቅረፅና በተጠቃሚው ፈንታ የመጫን ፈቃድ ይሻሉ። ይህ ፈቃድ ምን ያህል የእምነት ጉዳይ እንደ ሆነ የታየው፣ በ2024 የባርቴንደር ባለቤትነት ለደንበኞቹ ሳይታወጅ ተላልፎ መገኘቱ ብዙ ተጠቃሚዎችን ባስደነገጠ ጊዜ ነው። ቶፕኖች የተባለው ረድፉን አጥቁሮ ከኖቹ ጋር ያመሳስለዋል እንጂ ስፍራ አይጨምርም።

ከእነዚህ መንገዶች የመጨረሻው፣ ማለትም መሸሸጉ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የሚይዙት ቢሆንም፣ የማያስፈልገውን ምልክት ከነፕሮግራሙ ያኖረዋል እንጂ አያስወግደውም። በረድፉ ላይ ዘወትር መታየት የሚገባው፣ ሁኔታው የሚለዋወጥና ለውጡም ከተጠቃሚው ሥራ የሚጠይቅ ምልክት ነው፤ የሚያልቅ ባትሪ፣ የሚቋረጥ ቪፒኤን፣ የሚፈራረቅ የጽሕፈት ቋንቋ ከዚህ ወገን ናቸው። መኖሩን ብቻ የሚያስታውቅ ምልክት ግን ፕሮግራሙ በሚፈለግበት ጊዜ ሊጠራ ስለሚችል፣ ሊሸሸግ ሳይሆን ሊሰረዝ ይገባዋል፤ በዚህ መለኪያ የተጣራ ረድፍም አብዛኛውን ጊዜ ከኖቹ ሳይደርስ ይቆማል።