ኪስ ወይስ ዕውቀት? የከተማ ማዕድ ክርክር በእንግሊዝ አገር



የከተማ ድኻ ማዕዱ የተጓደለው ገንዘብ ስላጣ ነው ወይስ የሚበላውን መምረጥ ስላልተማረ? ይህ ጥያቄ ዛሬ በአዲስ አበባ ይነሣል፤ በእንግሊዝ አገር ግን ቀደም ብሎ ተነሥቶ ብርቱ ክርክር አስከትሎ ነበር። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ክርክር ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቸኮሌት ፋብሪካ ባለቤቶች ቤተ ሰብ የተወለደው ሲቦም ራውንትሪ፣ በ1899 የዮርክ ከተማን ሠራተኞች ኑሮ ቤት ለቤት አስጠንቶ ውጤቱን በ1901 አሳተመ። ከከተማው ሕዝብ 28 ከመቶ ያህሉ በድኽነት ይኖር ነበር። ራውንትሪ ይህን ድኽነት በሁለት ከፈለው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ሳንቲም በጥበብ ቢወጣ እንኳ ገቢው ሰውነትን ለማቆም የማይበቃበት ነው፤ ሁለተኛው ገቢው ሊበቃ ሲችል ከፊሉ ለሌላ ወጪ የሚውልበት ነው። በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 18 ከመቶ ያህሉ ተመደቡ። ስለዚህ ደመወዝን ለሚወቅሱም፣ የቤት አያያዝን ለሚወቅሱም መከራከሪያ ተገኘ።

ክርክሩን ያጠበበው የስቶክተን ከተማ የጤና ሹም ዶክተር ማክጎኒግል ነው። በ1927 በዚያች ከተማ 152 ቤተ ሰቦች ከተጨናነቀ ሰፈር ተነሥተው ወደ አዲስ መንደር ገቡ። ቤቱ የተሻለ ነበርና ጤናቸውም እንደሚሻሻል ተጠበቀ። በተከታዮቹ አምስት ዓመታት ግን የተዛወሩት ሰዎች የሞት መጠን ጨመረ፤ በአሮጌው ሰፈር በቀሩት ዘንድ ይህ አልታየም። ዶክተሩ ምክንያቱን በየቤቱ የወጪ ሒሳብ ውስጥ አገኘው። የአዲሱ ቤት ኪራይ ከቀድሞው እጥፍ ሊሆን ተቃርቦ ስለነበር፣ ለምግብ የሚተርፈው ገንዘብ አንሶ ነበር። እናቶቹ እነዚያው፣ ዕውቀታቸውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ከኪራይ በኋላ በእጃቸው የሚቀረው ሺሊንግ ነው።

በ1936 ጆን ቦይድ ኦር ጥያቄውን ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አወጣው። ሕዝቡን በገቢ በስድስት ደረጃ ከፍሎ ሲመለከት፣ በታችኛው ደረጃ ያለ ሰው በሳምንት ለምግብ የሚያወጣው 4 ሺሊንግ ያህል፣ በላይኛው ያለው ደግሞ 14 ሺሊንግ ያህል ነበር። ዳቦና ድንች በሁሉም ቤት ብዙ ልዩነት አላሳዩም። ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬና አትክልት ግን ከገቢ ጋር አብረው ከፍና ዝቅ አሉ። ረኀብ ማለት የሆድ ባዶነት ብቻ አለመሆኑን፣ የጠገበ የሚመስለውም ሰው ጤናው ሊጎድል እንደሚችል ይህ ሥራ አሳየ።

ይህ ሁሉ ትምህርት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ምግብ በራሽን ሲከፋፈል፣ ከ1940 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ወተት በርካሽ፣ ለችግረኞችም በነፃ ያገኙ ነበር። መንግሥት በዚያው ጊዜ የምግብ አሠራርን በራዲዮና በበራሪ ጽሑፍ አስተማረ። በጦርነቱ ማብቂያ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከመነሻው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የሥራ መስፋፋትም ድርሻ ስላለው ውጤቱን ለአንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይገባም። ሆኖም ምክሩ የደረሰው ምክሩን መፈጸም ለሚችል እጅ እንደነበር ልብ ማለት ያሻል። ስለ ወተት ጥቅም የተማረች እናት ወተት መግዣ ከሌላት፣ ትምህርቱ የሚጨምርላት ጸጸትን ብቻ ነው።

ስቶክተን ለእኛም ጥያቄ ትታለች። ከመሐል አዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት አይደሉም። የቤቱን ግድግዳና ጣሪያ እንቆጥራለን። የባንክ ዕዳው ወይም ኪራዩና የትራንስፖርቱ ወጪ ከተከፈለ በኋላ ግን ከሽሮው አጠገብ ጎመን ወይም እንቁላል ለመጨመር የሚተርፍ አለን? የሕዝብ ጤና ተማሪዎቻችን ይህን በየቤቱ ሒሳብ ውስጥ ገብተው እንዲመረምሩ አደራ እላለሁ።