ቅኝት ይቆለፋል ወይ? ከክራር ቀንበር እስከ ፍሎይድ ሮዝ

ባለፈው ጥር ደሴ ውስጥ ለአንድ ሠርግ ስንለማመድ ዘፋኟ «ዛሬ ጉሮሮዬ ልክ አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ» አለች። ክራር የያዙት ጋሼ ምንም አልተናገሩም። አጎንብሰው ክሮቹን አንድ በአንድ አላሉ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ነካ ነካ አደረጉና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨረሱ። እኔ ግን ከሃያ ደቂቃ በኋላም ጊታሬን እየቃኘሁ ነበር። የመጀመሪያውን ክር ሳስተካክል ስድስተኛው ይበላሻል፤ ወደ ስድስተኛው ስመለስ ሦስተኛው ቦታውን ለቋል። ጋሼ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጊታርህ ታሟል እንዴ?» አሉኝ።

ጊታሩ አልታመመም፤ የተሠራበትን ሥራ ነበር የሚሠራው። ላዩ ላይ ያለው «ፍሎይድ ሮዝ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት፣ ክሮቹን በሁለቱም ጫፍ የሚቆልፍ የትሬሞሎ ብሪጅ ነው። ያን ቀን ግን እዚህ መሣሪያ ውስጥ ስለ ቅኝት አንድ የተደበቀ ግምት እንዳለ ገባኝ። ብሪጁ አርጅቶ መቀየር ሲኖርበት፣ ምርጫዬን የወሰነው ዋጋው ሳይሆን ይህ ግምት ሆነ። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር።

ክራር ልኩን የሚወስደው ከዘፋኙ ነው

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። ክሮቹ ከታች በርኩማው ላይ ተደግፈው ያልፋሉ። ጊታር ላይ «ብሪጅ» የምንለውን ሥራ የሚሠራው እንግዲህ በርኩማው ነው። ከላይ ደግሞ ቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። መቃኘት ማለት ጥምጥሙን በእጅ አዙሮ ክሩን ማጥበቅ ወይም ማላላት ነው። ሞላ የለም፣ ብሎን የለም።

አራቱ ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ሁለቱ ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ከወሎ ምድር ነው፦ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የውጫሌ ውል የተፈረመበት አገር ነው። በቅኝቶቹ መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ የሚገርም ነው። የትዝታ ዋናው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው እንበል። ወደ አምባሰል ለመሄድ ሬ እና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፣ ሚ በግማሽ ድምፅ ወጥቶ ፋ ይሆናል፤ ዶ እና ሶል ባሉበት ይቀራሉ። ሦስት ክር ብቻ ትንሽ ትንሽ ማዞር ማለት ነው።

መነሻው «ዶ» ራሱ የት ነው? እሱን የሚወስነው የዘፋኙ ጉሮሮ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1939 ለንደን ላይ የተሰበሰበ ዓለም አቀፍ ጉባኤ «ላ» በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገብ ብሎ ተስማማ፤ በኋላም ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት አጸደቀው። ፋብሪካ ለሚሠራቸው መሣሪያዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ላይ ክራር ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ደረጃው ፊቱ ቆማ የምትዘፍነው ሴት ናት።

ብረቱ እንዴት ተቆለፈ?

እ.ኤ.አ. በ1954 የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር አወጣ። ብሪጁ ላይ ዘንግ ነበረው። ዘንጉን ስትጫኑት ብሪጁ ያጋድላል፣ ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ይወርዳል፤ ስትለቁት ከጀርባ ያሉት ሞላዎች መልሰው ይጎትቱታል። ኩባንያው ይህንን «ትሬሞሎ» አለው። በትክክለኛው አነጋገር ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መለዋወጥ ነው፤ ከፍታው ሲለዋወጥ ስሙ ቪብራቶ ነው። ስህተቱ ግን ስም ሆኖ ቀረ።

ችግሩ መመለሱ ላይ ነበር። ክሩ ሲላላ አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው ማለፊያ፣ ማለትም ነቱ ላይ፣ ይንሸራተታል፤ መቃኛው ላይ ያለው ጥምጥምም ይላላል። ሲመለስ ሰበቃ ይይዘውና ከነበረበት ትንሽ አለፍ ወይም ወረድ ብሎ ይቆማል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፍሎይድ ሮዝ የሚባል አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ይህን ፈታው። ጌጣጌጥ ይሠራ ስለነበር ብረት መቅረጫ መሣሪያዎች እጁ ላይ ነበሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ክሩ የሚንሸራተትበትን ቦታ ሁሉ ማጥፋት። ነቱ ላይ ክሩን በብሎን ማነቅ፣ ብሪጁም ላይ እንዲሁ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው የሚለጠጥና የሚመለስ ብረት ብቻ ነው። የፈጠራ መብቱን በ1979 አገኘ። ነቱ ሲቆለፍ ግን መቃኛው ከጥቅም ውጭ ስለሚሆን፣ በኋላ ብሪጁ ላይ ትናንሽ የማስተካከያ ብሎኖች ተጨመሩ። ኤዲ ቫን ሄለን የመሰሉ ተጫዋቾች ይዘውት ወጡ፤ በ1980ዎቹ ክሬመር የተባለው ጊታር ሠሪ ኩባንያ በብዛት ገጠመው።

ዘመኑን ከኛው ጋር አስተያዩት። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «እሬ መላ መላ»ን የቀዳው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚቆለፈው ብሪጅ ገና አልተፈጠረም ነበር። በአይቤክስ፣ ቀጥሎም በሮሃ ባንድ፣ ሰላም ሥዩም ያሰማን ጊታር ቅኝቶቻችንን ለማውጣት ይህን መሣሪያ አልጠበቀም።

ታዲያ የወሎ ልጅ ለምን ይፈልገዋል? በማሲንቆ ምክንያት። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፣ የጣት መከፋፈያ የለውም፤ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል። ከደሴው የላሊበላ ኪነት ቡድን የወጣችው ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትዘፍን የሰማ ሰው፣ በሁለት ድምፆች መካከል ያለው መንገድ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ጊታር ደረጃ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ዘንጉ ደረጃውን ዳገት ያደርገዋል።

ግማሽ ድምፅ ስንት ኪሎ ነው?

አሁን ወደ ልምምዱ እንመለስ። የክር ውጥረት ከድምፁ ድግግሞሽ ስኩዌር ጋር አብሮ ይሄዳል። ግማሽ ድምፅ ስንወርድ ድግግሞሹ ወደ 6 በመቶ ይቀንሳል፤ ውጥረቱ ደግሞ ወደ 11 በመቶ። ቀጭኑ ክር 0.010 ኢንች የሆነበት የተለመደው የስድስት ክር ስብስብ በመደበኛው ቅኝት በድምሩ ወደ 46 ኪሎ ያህል ይጎትታል። ስለዚህ ግማሽ ድምፅ መውረድ ማለት ከብሪጁ ላይ 5 ኪሎ ማንሳት ነው።

ብሪጁ ደግሞ ተንሳፋፊ ነው፤ በአንድ በኩል ክሮቹ፣ በሌላ በኩል ሞላዎቹ ጎትተውት በሚዛን ቆሟል። አንድ ክር ሳላላ ሞላዎቹ ያሸንፉና ብሪጁ ወደኋላ ያጋድላል፤ የቀሩት አምስቱ ይጠብቃሉ። ለዚህ ነው አንዱን ሳስተካክል ሌላው የሚያመልጠኝ። አንድ ክር ቢበጠስማ ሁሉም በአንዴ ይበላሻል። ዘፈን መሃል ይህ ሲደርስ መድረክ ላይ መሸሸጊያ የለም።

የተደበቀው ግምት ይህ ነው፦ ቅኝቱ አንዴ ተወስኗል፣ ከእንግዲህ አይቀየርም።

ምን መረጥኩ?

አሮጌው ብሪጅ ርካሽ ቅጂ ነበር። ብሪጁ የሚያጋድለው በሁለት ምሰሶ ብሎኖች ላይ በተደገፉ ስል ጠርዞች ነው፤ የኔው ከለስላሳ ቅይጥ ብረት ስለተሠራ ጠርዙ ዶልዱሞ ወደ ቦታው በትክክል አይመለስም ነበር። በሞረድ ለማሳል ሞከርኩ፤ ከሳምንት በላይ አልቆየም። እናንተም ልትቀይሩ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠርዙን እዩ፤ በሙቀት የጠነከረ ብረት ካልሆነ መቆለፉ ብቻውን ምንም አያድናችሁም።

ቀጥሎ ለኩ። በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት በዋናው ዲዛይን ወደ 74 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሌሎቹ ሊለያይ ይችላል። የነቱ ስፋትም የራሱ ልክ አለው፤ ብዙ ጊዜ 41 ወይም 43 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ከሥር የተንጠለጠለው ብሎክ ቁመትም 32፣ 37 ወይም 42 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ረጅሙን ስስ ጊታር ላይ ከገጠማችሁት በጀርባ በኩል ይወጣል። እነዚህን ሳይለኩ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ማስመጣት ገንዘብ መጣል ነው።

ሙሉ በሙሉ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ መግጠምም አማራጭ ነበር፤ ግን ማሲንቆውን ማጣት አልፈለግሁም። ስለዚህ ጠርዙ የጠነከረ የሚቆለፍ ብሪጅ ገዛሁና አንድ ነገር ጨመርኩ፦ በብሎኩና ወደ አንገቱ ባለው የእንጨት ግድግዳ መካከል በልክ የተቆረጠች የወይራ ቁራጭ ወሸቅሁ፤ ሞላዎቹንም ብሎኩን እንጨቱ ላይ አጥብቀው እንዲይዙት አጠበቅኳቸው። አሁን ብሪጁ ወደታች እንጂ ወደላይ አይሄድም። ድምፅ በዘንጉ ከፍ የማድረግ ዕድል አጣሁ። በምትኩ አንድ ክር ሳላላ ሌሎቹ አይነቃነቁም፤ ቢበጠስም አምስቱ በቦታቸው ይቆያሉ።

በሚያዝያው ሠርግ ዘፋኟ እንደገና «ዝቅ» አለች። የነቱን ሦስት ብሎኖች ፈታሁ፣ ስድስቱን ክር አወረድኩ፣ መልሼ ቆለፍኩ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ፈጀብኝ። ጋሼ ከጨረሱ ቆይተው ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። «ተሻለው» አሉ ወደ ጊታሩ እያዩ።

ብሪጅ ልትመርጡ ስትነሱ ከብራንዱና ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከማን ጋር ነው የምጫወተው? ልኩ 440 ከሆነ ቆልፉት፣ ይንሳፈፍ። ልኩ የሰው ጉሮሮ ከሆነ ግን ለወይራዋ ቦታ ተዉላት።